ሥዕል፣ ስእለት፣ ተማሕፅኖ

«ለማርያም ተሳልሁ» የምትል ሴት ምን እንዳለች ለአማርኛ ሰሚ ማስረዳት አያሻም። ልጅ ብታገኝ፣ የታመመባት ቢድን፣ የራቀባት ቢመለስ ጥላ ወይም መጋረጃ ወይም ጧፍ ለደብሩ ልታገባ ቃሏን ሰጥታለች። ያንኑ ግስ የደብሩ አለቃ ለእንግዳ ግድግዳውን ሲያሳዩ ይደግሙታል፤ «ይህች ሥዕል የተሳለችው በእገሌ ዘመነ መንግሥት ነው» ይላሉ። ቢላዋም ይሳላል። ብርድ የመታውም ሰው ሲስል ያድራል። አራቱን በአንድ ድምፅ እንጠራቸዋለን፤ አሁን አሁን ደግሞ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፍ ጀምረናል።

በግእዝ አራት የተለያዩ ግሶች ነበሩ። ሠዐለ መልክን በቀለም አወጣ ማለት ነው። ሰአለ ለመነ፣ ጠየቀ ነው። ሰሐለ ብረትን አሾለ ሲሆን ሰዐለ ደግሞ ሳል ያዘው ማለት ነው። የአማርኛ አንደበት የጉሮሮ ድምፆችን፣ ዐይኑን ዐን፣ አልፋውን አን፣ ሐመሩን ሐን፣ ከቃል መካከል እያለሰለሰ ጣላቸው። ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰም በአጠራር አንድ ሆኑ። አራቱ ግሶች «ሳለ» የምትባል አንዲት አጭር ቃል ብቻ ቀረቻቸው። ዐረቦች ግን እስከ ዛሬ ሲጠይቁ «ሰአለ»፣ ሲያስላቸው «ሰዐለ» ብለው ሁለቱን በጉሮሮ ይለያሉ። ዕብራይስጥም ለመጠየቅ «ሻአል» ይላል። የንጉሥ ሳኦል ስም ከዚሁ የወጣ ነው፤ የተለመነ፣ ተጠይቆ የተገኘ ማለት ነው።

ስለ እመቤታችን ሥዕል ሲጻፍ ከዚህ መነሣት አለበት የምለው ለፊደል ክብር ብቻ አይደለም። ሥዕልና ስእለት በሥር አይዛመዱም። አንደኛው በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ፣ ሌላው በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ ይጻፋል። በኑሮ ግን ተገናኙ። ሥዕሏ የሚለመንባት ቦታ ሆነች፤ ልመናውም ሥዕል አሣይ ሆነ። በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ካሉት ሥዕሎች ብዙዎቹ የተሣሉት አንድ ሰው ስለተሳለ ነው። የሁለቱን ሥር ለይቶ የማያውቅ ሰው ይህ መገናኘት መገናኘት መሆኑ አይታየውም፤ ከመጀመሪያውም አንድ የነበሩ ይመስለዋል።

ስእለት የሚለው ቃል ራሱ በአማርኛ ጉዞ አድርጓል። በግእዝ ልመና፣ ጥያቄ ነው፤ ከዚያ አያልፍም። በአማርኛ ግን ከልመናው ጋር የተገባው ቃል፣ ብሎም ቃሉን ለመፈጸም የሚመጣው ስጦታ ስእለት ተባለ። «ስእለቴ ሰመረ» የሚል ሰው ልመናውን ማለቱ ነው፤ «ስእለቴን አገባሁ» ሲል ግን ጥላውን ወይም መጋረጃውን ማለቱ ነው። ጠያቂው፣ ጥያቄውና የጥያቄው ዋጋ በአንድ ቃል ውስጥ ተሰበሰቡ። የዚህ ምሳሌ ሩቅ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እመቤታችን ራሷ የስእለት ልጅ ናት። ኢያቄምና ሐና ለምነው አገኟት፤ በገቡትም ቃል መሠረት ሦስት ዓመት ሲሆናት ለቤተ መቅደስ ሰጧት። ታኅሣሥ 3 ቀን የምናከብረው በዓታ፣ ቦአ ከሚለው ግስ፣ ያንን መግባቷን የሚያስታውስ በዓል ነው። ስለዚህ በስእለት የተገኘችው እመቤት ሥዕሏ በስእለት ይሣላል፤ በፊቷም ስእለት ይቀርባል።

«ሰአሊ ለነ» የሚለውን ልመናም ማንሣት ያስፈልጋል፤ በየጊዜው ሲበላሽ አያለሁና። ሰአሊ በአልፋው አ ሲጻፍ ለሴት የሚነገር ትእዛዝ ነው፤ ለምኝ፣ አማልጂ ማለት ነው። በብዙ የጸሎት መጽሐፍ ሽፋንና በግድግዳ ላይ በሚለጠፉ ኅትመቶች «ሰዓሊ ለነ» ተብሎ ይወጣል። ያ አጻጻፍ እመቤታችንን አማልጂን ማለቱን ትቶ ወደ ሠዓሊ ሙያ ይወስዳታል። አንባቢው በልቡ ትክክሉን ስለሚያውቅ ጉዳቱ አይታወቀውም። ሆኖም እነዚህ ፊደላት ከጠፉ በኋላ የሚመጣ ልጅ ቃሉን ከየት እንደመጣ መከተል አይችልም። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት ሠ እና ሰን፣ ሐ እና ኀን፣ ጸ እና ፀን አጥብቆ የሚለየው ለዚህ ነው፤ ፊደሉ የቃሉን ዘር ይዞ ስለሚቆይ።

ሥዕል ከሌሎች ጎረቤቶቹም መለየት ነበረበት። በግእዙ ኦሪት እንዳይሠራ የተከለከለው «ግልፎ» ነው፤ ገለፈ ማለት ፈለፈለ፣ ቀረጸ ነው። ጣዖት ደግሞ ከአራማይክ የመጣ ቃል ሲሆን በዚያ ቋንቋ መነሻው መሳሳት፣ መንገድ መሳት ነው። ሥዕል ከሁለቱም ራቅ ብሎ የቆመ ቃል ነው፤ በውስጡ መፈልፈልም መሳትም የለም። ነገር ግን ቃል ብቻውን ክርክር አይዘጋም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) የእመቤታችንን ክብር በሥርዓት ሲያጸኑ፣ 33ቱ በዓላቷ እንዲከበሩና ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ሲያዝዙ፣ የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች ለሥዕሏና ለመስቀል አንሰግድም ብለው ጸኑ፤ ብዙ መከራም ደረሰባቸው። ይህ ጥል በ«ሰገደ» ዙሪያ ነበር። ዐረብኛው መስጂድ የሚወጣውም ከዚሁ ከሰ-ገ-ደ ሥር ነው። ሊቃውንቱ ስግደትን ሁለት ብለው ይከፍላሉ፤ ለእግዚአብሔር ብቻ የሚገባ የአምልኮ ስግደት አለ፣ ለቅዱሳንና ለሥዕላቸው የሚቀርብ የጸጋ፣ የአክብሮት ስግደት አለ። ጉልበት የሚንበረከከው አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱን የተሸከመው ከፊቱ የተጨመረው ቃል ነው።

ተአምረ ማርያም ከዐረብኛ የተተረጐመው ቀደም ብሎ፣ በዘርዐ ያዕቆብ አባት በዐፄ ዳዊት (1382–1413 እ.ኤ.አ.) ዘመን ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ሥዕል ከሚነገሩት ታሪኮች ሁሉ ስመ ጥሯ ጼዴንያ ናት፤ በደማስቆ አቅራቢያ ያለች፣ ከሥዕሏ ዘይት የሚወዛባት ገዳም። መስከረም 10 ቀን ስንዘክራት የምንጠራው የአገሩን ስም ነው፤ ሰይድናያ በግእዝ አፍ ጼዴንያ ሆነ። «ተአምር» ራሱ አእምሮ ከሚለው ቃል ጋር ወንድምና እኅት ነው። አመረ ማለት አሳየ፣ አመለከተ ሲሆን አእመረ ደግሞ ዐወቀ ነው። ተአምር እንግዲህ መገረም አይደለም። የሚያሳውቅ ምልክት ነው። የጼዴንያም ዘይት በዚህ ፍቺ ቢነበብ እወዳለሁ።

በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የሠራ አንድ ሠዓሊ በስሙ እናውቀዋለን፤ ፍሬ ጽዮን ይባላል። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው የእመቤታችን ሰሌዳ ላይ የንጉሡን፣ የአበ ምኔቱንና የራሱን ስም ጽፎ ትቷል። የብራና ጸሐፊም ሆነ ሠዓሊ ስሙን መሰወር በሚወድበት አገር ይህ ውድ ሀብት ነው። በእርሱ ዘመን በተሣሉ ሰሌዳዎች ሚካኤልና ገብርኤል ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ ሕፃኑም አንዳንዴ ወፍ ይዞ ይታያል። ከእርሱ በኋላ ደግሞ ኒኮሎ ብራንካሌዮን የተባለ የቬኒስ ሰው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ መጥቶ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ሲሠራ ኖረ። በ1520 እ.ኤ.አ. የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች ሸምግሎ አገኙት። ሥዕሎቹ ላይ በግእዝ የጻፈ ፈረንጅ ነው፤ ቋንቋውን ወደ ሥራው አስገብቷል።

ይህች እናትና ልጅ ያሉባት ሥዕል በእኛ ዘንድ «ምስለ ፍቁር ወልዳ» ትባላለች። እዚህም ላይ ጆሮ ያሳስታል። አማርኛ ተናጋሪ «ምስለ» ሲል ምስል፣ መልክ የሚለው ይታየዋል፤ ስሙንም «የተወደደ ልጇ ምስል» ብሎ ይፈታዋል። በግእዝ ግን ምስለ እዚህ ላይ «ጋር» ማለት ነው፤ ከተወደደ ልጇ ጋር። ሙሉው መግለጫ የእመቤታችን የማርያም ሥዕል ከተወደደ ልጇ ጋር የሚል ነበር፤ ከአፍ አፍ ሲሄድ ፊተኛው ግማሽ ተረስቶ ኋለኛው ስም ሆነ። የቀረው ግማሽ ደግሞ ትምህርቱን የያዘው ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት እመቤታችን ያለ ልጇ እንድትሣል አይፈለግም። እርሷን የሚያሳውቃት «ምስለ» የምትል አንዲት መስተዋድድ ናት ብል ከመጠን ያለፈ አይመስለኝም።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚስብ ግን ሦስተኛ ሥር አለ። ሐፀነ። በግእዝ ሐፀነ ማለት አቀፈ፣ በእቅፉ ይዞ አሳደገ ነው። ሕፅን እቅፍ ነው፤ ዐረቦችም ሒድን ይሉታል። ሐፃኒ አሳዳጊ፣ ሞግዚት ነው፤ ሴቷ ሐፃኒት ትባላለች። ሕፃን የታቀፈው ነው። ማሕፀን ደግሞ ልጅ ከመወለዱ በፊት የታቀፈበት ቦታ ነው። ብዙዎቻችን በብዙኃኑ ኀ «ማኅፀን» ብለን እንጽፋለን፤ ዘሩን ለተከተለ ግን በሐመሩ ሐ ነው የሚገባው። ከማሕፀን ደግሞ ተማሕፀነ የሚል ግስ ወጣ፤ ተጠጋ፣ አደራ አለ፣ ጥገኝነት ለመነ። በአማርኛ ተማፀነ ሆነ፤ ፍርድ ቤት ደጅ የሚጠናውም፣ ባለሥልጣንን የሚለምነውም ዛሬ «ይማፀናል»። ከሥሩ ስናየው ግን የተማፀነ ሰው ሌላውን ማሕፀን አድርጎ የተሸሸገበት ሰው ነው። ተማፃኝ ራሱን ሕፃን ያደርጋል።

እስቲ አሁን ሥዕሏን እንመልከት። እናት ተቀምጣለች። በእቅፏ ሕፃን አለ። ከእግሯ በታች ሥዕሉን ያሣለው ሰው በግንባሩ ተደፍቷል፤ አጠገቡም በማርያም መማሕፀኑን የሚናገር ጽሑፍ ከስሙ ጋር አለ። ሕፅን፣ ሕፃን፣ ማሕፀን፣ ተማሕፀነ፤ የአንዱ ሥር ቅርንጫፎች ሁሉ በአንድ ሰሌዳ ላይ ናቸው። ሠዓሊው ቃላቱን ሳያስብ ሣላቸው አልልም። የግእዝ ሰው ነው፤ ጽሑፉንም የጻፈው ራሱ ወይም ወንድሙ ደብተራ ነው፤ ቃሉ በየቀኑ በአፉ ነበረ።

ይህ ከየትም በላይ ጎልቶ የሚታየኝ በናርጋ ሥላሴ ነው። ናርጋ በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ላይ ያለች ቤተ ክርስቲያን ናት። ያሠሯት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን። በመቅደሷ ግድግዳ ላይ እቴጌዪቱ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ዐፄ በካፋ በ1730 እ.ኤ.አ. ሲሞቱ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበሩ፤ እቴጌ ምንትዋብ ዘውድ ደፍተው የልጃቸው እንደራሴ፣ የመንግሥቱ ባለ አደራ ሆኑ። በግእዙ ቃል ሐፃኒት ነበሩ፤ የሕፃን ንጉሥ አሳዳጊ። በእናቱ እቅፍ ያለ ሌላ ሕፃን ንጉሥ በላያቸው ተሥሎ፣ እርሳቸው ከእግሩ በታች ተማሕፅነው ይታያሉ። መንግሥትን በእቅፏ የያዘች ሴት ራሷን ወደ ሌላ እቅፍ ስታስገባ ማለት ነው። ስለ ምንትዋብ ብዙ የታሪክ ጽሑፍ አለ፤ ሥልጣናቸውንና ፍርሃታቸውን በአንድነት እንደዚህች ሥዕል የሚያሳየኝ ግን አላገኘሁም።

ማሕፀን የሚለው ቃል ከንጉሥ ቤት ወጥቶ ወደ ተራው ጓዳ ሲገባም እመቤታችን አብራው ትገባለች። ለነፍሰ ጡር «ማርያም ትቅረብሽ» ይባላል፤ ለወለደች ደግሞ «እንኳን ማርያም ማረችሽ»። ማርያምና ማረች በድምፅ መቀራረባቸው የሥር ዝምድና አይደለም፤ ማረ ከግእዙ መሐረ የመጣ ነው፣ ማርያም ግን ከዕብራይስጥ የገባ ስም ነው። ሆኖም ይህን አባባል ያወጡት እናቶች መዝገበ ቃላት አልጠየቁም። ምጥ ላይ ያለች ሴት የሚያስፈልጋትን አንድ ቃል ከስሟ አጠገብ አኖሩላት።

ስለ አሠራሩ ደግሞ። ሥዕሏ የምትሣልበት እንጨት ሰሌዳ ይባላል። ሰሌዳ የግሪክ ቃል ነው፤ በግሪኩ የመጽሐፍ ገጽን፣ ዓምድን የሚያመለክት ነበር። በእኛ ዘንድ የትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳም፣ የመኪና ሰሌዳም ሆኗል፤ ሲነሣ ግን የጽሑፍ ቦታ ነበር። እንጨቱ ዋንዛ ወይም ወይራ ሊሆን ይችላል። በላዩ ከቆዳ ሙጫ ጋር የተቦካ ነጭ ዱቄት ይለሰናል፤ ደርቆ ሲፋቅ ቀለም የሚይዝ ለስላሳ ገጽ ይሆናል። ይህን ነጭ ነገር ዛሬ ጀሶ እንለዋለን፤ ቃሉ የጣሊያን ነው። ነገሩ ግን ከቃሉ ይቀድማል፤ የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰሌዳዎች ቀለማቸውን የያዙት በዚሁ ልስን ላይ ነው። ብዙ ሰሌዳዎች መዝጊያ አላቸው፤ በማጠፊያ ተከፍተው እንደገና ይዘጋሉ፤ ሥዕሏ በጉዞ ጊዜ እንዳትፋቅ፣ በቤተ መቅደስም ያለ ጊዜዋ እንዳትገለጥ። ግድግዳ ላይ ሲሆን ደግሞ ቆይቶ በመጣ ልማድ ሥዕሉ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሠርቶ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል። የናርጋን ዓይነት ክብ ቤተ ክርስቲያን ለገባ ሰው ግድግዳው ሁሉ ይናገራል።

ቀለም የሚለው ቃልም ሩቅ አገር የተወለደ ነው። በግሪክ ቃላሞስ፣ በዐረብኛ ቀለም ማለት መቃ፣ መጻፊያው እንጨት ነው። እኛ ጋ ሲደርስ መጻፊያውን ትቶ የሚጻፍበትን ፈሳሽ፣ ከዚያም ማናቸውንም ኅብር፣ በመጨረሻም ትምህርትን ራሱን ያዘ፤ «ቀለም የገባው ልጅ» እንላለን፣ «የቀለም አባት» እንላለን። መጻፊያው ደግሞ ብዕር ተባለ፤ በግእዝ ብርዕ ነበር፣ መቃ፣ ሸንበቆ፤ አማርኛ ፊደሎቹን ቦታ አለዋወጣቸው። ጸሐፊውና ሠዓሊው በብዙ ቦታ አንድ ሰው ነበሩና የቀለም ቀንዳቸው አንድ ነበር። ጥቁሩ ከጥላሸት ይወጣል። ቀዩ በብራና ላይ የእመቤታችን ስም የሚጻፍበት ነው፤ በሥዕሏም ላይ የውስጥ ቀሚሷ ይሆናል። ከላይ የምትከናነበው መጎናጸፊያ ሰማያዊ ነው። እዚህ ላይ አማርኛ ብዙ ቋንቋ የማይሰጠውን ይሰጣል። ለዚህ ቀለም ሌላ ስም የለንም፤ ሰማያዊ ማለት የሰማይ ዓይነት ማለት ነው፣ ሰማያዊ ማለት ደግሞ ምድራዊ ያልሆነ ማለት ነው። ለአማርኛ ሰው «ሰማያዊ ለብሳለች» ማለት ስለ ጨርቁ ብቻ መናገር አይደለም። በግንባሯና በትከሻዋ የሚታየው ኮከብም በዚያ ሰማይ ላይ ነው ቦታው።

የሥዕሉን ጠርዝ የሚከብበው ጌጥ ሐረግ ይባላል። ሐረግ በመጀመሪያ የሚጠመጠም ተክል ነው። በብራና ራስጌ ላይ በልዩ ልዩ ቀለም ተጠላልፎ ሲሣል ስሙን ይዞ ሄደ፤ ከዚያ ደግሞ የዘር ሐረግ አልን። የእሴይ ግንድ ትምህርት ለሚያውቅ አንባቢ በዚህች ሥዕል ዙሪያ ሐረግ መሣሉ ተራ ጌጥ ሆኖ አይቀርም።

የእመቤታችን መልክ ፊት ለፊት ነው። በአሮጌው የሥዕል ሥርዓት ጻድቅ ሙሉ ፊቱን፣ ሁለት ዓይኑን ይዞ ይሣላል፤ ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ አሳዳጅ በጎን አንድ ዓይን ብቻ እየታየ ይሣላል። «ፊት ነሳኝ» ብለን በምናዝንበት፣ «ፊት ሰጠኝ» ብለን ደስ በምንሰኝበት ቋንቋ ይህ ሥርዓት ማብራሪያ አያስፈልገውም። የምትለመን እመቤት ፊት አትነሳም።

አሁን በየቤቱና በየደብሩ በብዛት የምናያት የእመቤታችን መልክ የመጣችው ግን ከሮም ነው። በሮም ሳንታ ማርያ ማጆሬ በምትባል ቤተ ክርስቲያን ያለችውን፣ ሉቃስ ሣላት የሚባልላትን ጥንታዊ ሥዕል ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ካህናት በ1569 እ.ኤ.አ. ቅጂ እንዲያሠሩላት ፈቃድ አግኝተው በሄዱበት ሁሉ ይዘዋት ሄዱ፤ ወደ ህንድ፣ ወደ ቻይና፣ ወደ እኛም አገር። በዚህች ሥዕል እመቤታችን ሕፃኑን በግራ ክንዷ አቅፋለች፣ እጆቿ ተደራርበዋል፣ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ተዘርግተዋል፣ በእጇም ትንሽ መሐረብ አለ። ሕፃኑ መጽሐፍ ይዟል። ዐፄ ፋሲለደስ በ1630ዎቹ ካህናቱን ከአገር አስወጧቸው፤ ሥዕሏ ግን ቀረች፤ በጎንደር ሠዓሊዎች እጅም የአገር ልጅ ሆነች። ከንፈር፣ ዓይን፣ የጨርቅ ጥለት ሁሉ ተቀየረ። የሕፃኑ በግራ መሆን እንኳ የራሱን ትምህርት አገኘ። ልጁ በግራ ክንዷ ካለ እርሷ በቀኙ ናት፤ መዝሙረኛው ዳዊት በንጉሡ ቀኝ ስለምትቆመው ንግሥት የተናገረው በእርሷ ተፈጸመ ይላሉ መምህራኑ። ከባዕድ አገር የመጣ አሣሣል በግእዝ ትርጓሜ ውስጥ እንዲህ ቦታ ያገኛል። «ሉቃስ የሣላት» የሚለው አባባልም በብዙ ገዳሞቻችን ይሰማል፤ ሥዕሏ ከወንጌላዊው ዘመን ጀምሮ የተያዘች አደራ መሆኗን የሚናገር ትውፊት ነው።

እንግዲህ ሥዕሏ አልቃለች እንበል። ሙሉ ስሟ ሥዕለ አድኅኖ የሚሆነው ግን ገና ነው። አድኅኖ ማዳን ነው፤ አድኀነ ከሚለው ግስ፣ ሥሩም ድኅነ፣ በብዙኃኑ ኀ። ከዚህ ሥር መድኃኔ ዓለም ወጣ፤ በግእዝ መዳንን፣ በአማርኛ ደግሞ ከፋርማሲ የምንገዛውን የሚለው መድኃኒት ወጣ፤ ጠዋት ጠዋት የምንለዋወጠው «ደኅና አደርክ ወይ» ወጣ። ከሰላምታ ውስጥ ያለውን ኀ ከሥዕለ አድኅኖ ውስጥ ሲያወጡት፣ በየኅትመቱ «ስዕለ አድህኖ» ተብሎ ሲጻፍ ሳይ አዝናለሁ፤ መድኃኒቱና ደኅናው ከዘመዳቸው ተለዩ ማለት ነው።

ሥዕሏን ወደዚያ ስም የሚያደርሳት ቡራኬ ነው። ጳጳሱ ጸልዮ በሜሮን ይቀባታል። ሜሮን የግሪክ ቃል ነው፤ መዓዛ ያለው ዘይት። ግሱን ልብ ይሏል፤ ሠዓሊው ቀለም ቀባት፣ ጳጳሱ ሜሮን ቀባት። በግእዝ ቀብአ የሚለው ግስ ሁለቱንም ይይዛል፤ ስሙ ቅብእ ዘይትም ነው፣ ሽቱም ነው፣ የላም ቅቤም ነው። ቅቤ የምንለው ያው ቃል ነው፤ ሙሽራ የምትቀባው፣ ሕፃን አናቱ ላይ የሚቀባው። በብሉይ ኪዳን ነገሥታትና ካህናት ይቀቡ ነበር። በእናቱ ክንድ ላይ ያለው ሕፃን ደግሞ በዕብራይስጥ መሲሕ፣ በግሪክ ክርስቶስ የተባለው ነው፤ ሁለቱም ቃላት በእኛ ቋንቋ ቅቡእ ማለት ናቸው።